ቤት ሲሸጥ ቁልፉ መቼ ይሰጣል?

ቤት የሸጠ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ተሸጠ?” ተብሎ ነው፡፡ “መቼ ነው የምታስረክበው?” የሚል ጠያቂ እምብዛም አይገኝም፡፡ እኔም እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ዋጋው ከተቆረጠና ውሉ ከተፈረመ የቀረው በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፡፡ በዚያ ዓመት እናቴ በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት መካከል አምስት ሳምንት ስትቀመጥ ካየሁ በኋላ ግን፣ በቤት ሽያጭ ውስጥ ከዋጋው ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ቀኑ መሆኑ ገባኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አባታችን ካረፈ በኋላ ጉለሌ የሚገኘው ቤት ለእናቴ ሰፋባት፡፡ ደረጃውም ጉልበቷን ጎዳው፡፡ ከልጆቿ ጋር ተመካክራ ቤቱ እንዲሸጥና እህቴ በምትኖርበት በጀሞ አካባቢ ምድር ቤት ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛላት ተስማማን፡፡ ገዢ ተገኘ፣ ኅዳር ላይ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን፡፡ በውሉ ላይ የሰፈረው ቃል “ቀሪው ክፍያ የስም ዝውውሩ እንደተጠናቀቀ ይከፈላል፤ ሻጮችም ቤቱን ያስረክባሉ” ይላል፡፡ ቀን የለውም፡፡ ሁላችንም አነበብነው፣ ሁላችንም ፈረምንበት፡፡

በዚህ ተማምነን ለኮንዶሚኒየሙ 150 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን፡፡ ያኛው ውል ግን ቀን ነበረው፤ እስከ የካቲት 5 ቀሪው ካልተከፈለ ቀብዱ ይቀራል ይላል፡፡ ጥር 25 እቃው ሁሉ ታሽጎ አለቀ፡፡ የእኛ ገዢ ግን ከገንዘቡ ከፊሉን የሚያገኘው ከባንክ ብድር ነበርና፣ ባንኩ ደግሞ ስሙ ዞሮ ቤቱ በመያዣነት ሳይመዘገብ ገንዘብ አይለቅም፡፡ ስም ለማዞር ዋሽንግተን ያለችው እህታችን የላከችው ውክልና በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ መምጣት ነበረበት፡፡ ማንም አላጠፋም፤ ቀኑ ግን አለፈ፡፡

አራቱን ቀናት ለዩ

ከዚህ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር፣ በእኛ አገር ቤት ሲሸጥ አንድ ሳይሆን አራት ቀናት መኖራቸውን ነው፡፡ ውሉ የሚፈረምበት፣ ክፍያው የሚጠናቀቅበት፣ ስም የሚዞርበትና ቁልፍ የሚሰጥበት፡፡ አብዛኛው ሰው አራቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ “ሲያልቅ እንወጣለን” ይላል፡፡ ችግሩ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው፡፡ ገዢ ስም ሳይዞር ሙሉ ገንዘብ መክፈል ይፈራል፤ ሻጭ ሙሉ ገንዘብ ሳይቀበል መልቀቅ ይፈራል፡፡ ሁለቱም ፍርሃት ተገቢ ነው፡፡ ስለዚህ አራቱ ቀናት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚመጡና በመካከላቸው ስንት ቀን እንዳለ በጽሑፍ መስፈር አለበት፡፡

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል እንዲመዘገብ ያዛል፡፡ ስለዚህ ደላላ ፊት የተባለ “በየካቲት እወጣለሁ” መተማመኛ አይሆንም፤ ቀኑ በሚመዘገበው ውል ላይ መግባት አለበት፡፡ በአንቀጽ 1756 መሠረት ደግሞ በውሉ ጊዜ ካልተወሰነ፣ አንዱ ወገን በጠየቀ ጊዜ ሌላው ግዴታውን መፈጸም ይኖርበታል፡፡ በሌላ አነጋገር ቀን ያልጻፈ ሻጭ፣ ገዢው ከፍሎ በማግስቱ በር ቢያንኳኳ የሚመልሰው ነገር ያጥረዋል፡፡

የቀብዱም ነገር እንዲሁ ነው፡፡ አንቀጽ 1885 እንደሚለው ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፡፡ “ሌላ ስምምነት ከሌለ” የምትለዋን ቃል አስምሩባት፡፡ ተዋዋዮች የመዘግየት ጊዜን ከማፍረስ ለይተው መስማማት ይችላሉ ማለት ነው፡፡

ቀኑ ከምን ተነስቶ ይወሰናል?

ቀን ሲቆረጥ “ስንት ወር ይበቃሃል?” ከሚለው ይልቅ ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል፡፡ መጀመሪያ በእርግጠኝነት የማይንቀሳቀሱትን ቀናት ጻፉ፡፡ የምትገቡበት ቤት መቼ ይለቀቃል? ልጆች ካሉ የትምህርት ሴሚስተር መቼ ይዘጋል? ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ፍራሽና ሶፋ በአይሱዙ ላይ ጭኖ በዝናብ መሄድ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል፡፡ እናቴ ከጥምቀት በፊት ከሰፈሯ መውጣት አልፈለገችም፤ የአባቴንም ሙት ዓመት እዚያው ግቢ ማውጣት ፈለገች፡፡ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ለገዢው ቀድሞ ከተነገረው ያከብረዋል፡፡

ቀጥሎ በሌላ ሰው እጅ ያሉትን ጉዳዮች ዘርዝሩ፡፡ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከውጭ የሚመጣ ውክልና፣ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ፣ የባንክ ብድር ይሁንታ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፡፡ አንዱ ፊርማ ከጎደለ ቀኑ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፡፡ እነዚህ ሁሉ ሳይሟሉ ቀን መቁረጥ፣ እህል ሳይገባ ጠላ መጥመቂያ ቀን እንደመናገር ነው፡፡

ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ካለ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ “ቤቱ ተሸጧል፣ በሳምንት ልቀቅ” ማለት አይሠራም፡፡ ተከራዩ ይቀጥላል ወይስ ይወጣል የሚለውን ከገዢው ጋር ቀድሞ መጨረስና ወረዳውን መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

ከዚህ በኋላ የተገኘው ቀን ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት መጠባበቂያ ጨምሩበት፡፡ ውሉ ላይ የሚገባው ዓረፍተ ነገርም ይህን የመሰለ ቢሆን ይመረጣል፤ “ገዢ ቀሪውን ገንዘብ እስከዚህ ቀን በሲ.ፒ.ኦ ይከፍላል፤ ሻጭ ክፍያውን በተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ ቤቱን ባዶ አድርጎ ያስረክባል፤ በተዋዋዮች ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ከዘገየ ቀኑ በ30 ቀን ይራዘማል፤ ከዚያ ካለፈ ያዘገየው ወገን በቀን ይህን ያህል ብር ይከፍላል፡፡” ተዋዋዮች እንዲህ ያለ መቀጫ እንዲወስኑ አንቀጽ 1889 ይፈቅዳል፡፡ ሻጭ ክፍያውን ተቀብሎ ለጥቂት ቀናት በቤቱ ሲቆይ ገዢው ስጋት እንዳይገባው፣ ከገንዘቡ ትንሽ ድርሻ እስከ ቁልፍ ርክክቡ ቀን ድረስ እንዲያዝ መስማማት ይቻላል፡፡

እየሸጡ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ፡፡ የምትከፍሉበት ቀን ገንዘብ ከምትቀበሉበት ቀን መቅደም የለበትም፡፡ እኛ ያላደረግነው ይህንን ነው፡፡

ለመውጣት መዘጋጀት

ስድስት ሳምንት ሲቀር ሰነድ ይሰብሰብ፡፡ ካርታው፣ የግብር ደረሰኞች፣ የውሃና የመብራት ውሎች፣ የልጆች የትምህርትና የክትባት ወረቀት በአንድ ቦርሳ ይግቡ፤ ያ ቦርሳ በጭነት መኪና አይሄድም፣ በእጅ ይያዛል፡፡ በዚሁ ሳምንት የማይሄደው እቃ ይለይ፡፡ ለዘመድ የሚሰጠው ለዘመድ፣ የቀረው ለቁራሌውና ለልዋጩ፡፡ ሠላሳ ዓመት የተኖረበት ቤት ዕቃ ወደ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አይገባም፤ አዲሱን ቤት በሜትር ለክቶ ቁም ሳጥኑ በደረጃው ማለፉን ማረጋገጥ ከኋላ ጸጸት ያድናል፡፡

አራት ሳምንት ሲቀር ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚነሳ ከገዢው ጋር ይጻፍ፡፡ የውሃ ሮቶው፣ የሻወር ማሞቂያው፣ ዲሹ፣ የመጋረጃ ዘንጉ፣ ጄኔሬተሩ የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ያለጉዳት የማይነቀለውን የቤቱ ክፍል ያደርገዋል፤ ዛፍም ከመሬቱ እስካልተለየ ድረስ የመሬቱ ነው፡፡ ስለዚህ የጓሮ ተክል ለመውሰድ ያሰበ በውሉ ያስጽፈው፡፡

ሁለት ሳምንት ሲቀር መኪናና ጫኝ ይነገር፡፡ ዋጋው በጫኝና አውራጅ ፊት በመንገድ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ጭቅጭቅ አይቀርም፡፡ በሚለቀቀውም በሚገባበትም ሰፈር ጎረቤት ጠይቆ፣ እቃውን አሳይቶ፣ መጫኑንና ማውረዱን ለየብቻ ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል፡፡ እድሩንም አትርሱ፤ መልቀቂያ ይወሰድ ወይስ መዋጮው ይቀጥል የሚለው ለአዛውንት ቀላል ጥያቄ አይደለም፡፡

የማሸጉን ነገር በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ አለኝ፡፡ ገንዘቡ ባንክ መግባቱ ወይም ሲ.ፒ.ኦው መዘጋጀቱ ሳይረጋገጥ የክረምት ልብስና መጻሕፍት ካልሆነ በስተቀር አታሽጉ፡፡ የቡና ዕቃ ደግሞ መጨረሻ ይታሸግ፡፡

በርክክቡ ቀን ቤቱ በቀን ብርሃን፣ ባዶ ሆኖ ይታይ፡፡ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ ፎቶግራፍ ይነሳ፤ የቅድመ ክፍያ ካርዱ ለገዢው ይሰጥ፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ይያያዝ፡፡ የቁልፎቹ ብዛት ተቆጥሮ በአንድ ገጽ የርክክብ ሰነድ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገንና ምስክሮች ይፈርሙ፡፡ ከዚያች ሰዓት በፊት ያለው ዕዳ የሻጭ፣ በኋላ ያለው የገዢ መሆኑ ይለያል፡፡

የእኛ ነገር እንዴት አለቀ?

የካቲት 3 ከወንድሜ ጋር የኮንዶሚኒየሙን ሻጭ ቤቱ ድረስ ሄደን ለመንነው፡፡ ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እሱም በጀመረው ቤት ላይ ቆርቆሮ ሊያለብስ የኛን ገንዘብ ይጠብቅ ነበር፡፡ የኛ ገዢ ባንክ ይጠብቃል፣ እኛ እሱን እንጠብቃለን፣ ይህ ሰው ደግሞ እኛን፡፡ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ገመድ ታስሯል፡፡ የባንኩን ደብዳቤና የውክልናውን ሰነድ ስናሳየው አንድ ወር ሰጠን፤ እኛም የአንድ ወር ኪራይ ግምት ከፈልነው፡፡ ይህም በጽሑፍ ሆነ፡፡ ገንዘቡ በየካቲት የመጨረሻ ቀን ገባ፣ መጋቢት 2 እናቴ ጀሞ ገባች፡፡

ቀብዱ ተረፈ፡፡ ያልተረፈው ሌላ ነው፡፡ በነዚያ አምስት ሳምንታት የሰፈሩ ሰው እናቴን ሊሰናበት ይመጣ ነበር፡፡ ሠላሳ ዓመት ቡና ያጣጣቻቸው ጎረቤቶች መጥተው ካርቶን ላይ ተቀመጡ፡፡ ጀበናውና ሲኒው ከየትኛው ካርቶን እንደገባ አልታወቀም፡፡ “ሳላጠጣቸው ወጣሁ” የሚለውን ቃሏን እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ታነሳዋለች፡፡

በ2015 ዓ.ም. እህቴ የራሷን ቤት ስትሸጥ ውሉ ላይ አራቱም ቀናት ነበሩ፡፡ ስም ማዞሩ አሥራ አንድ ቀን ዘገየ፤ ማንም አልተጣላም፣ መጠባበቂያው ሸፈነው፡፡ በመጨረሻው ቀን ግቢው ባዶ ሆኖ የቀረው አንድ ጀበና፣ አንድ ረከቦትና ሁለት በርጩማ ነበር፡፡ እናቴ ራሷ ናት ቡናውን ያፈላችው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር አዲሱ ገዢም ሦስተኛውን ጠጥቶ ቁልፉን ተቀበለ፡፡