በ14 ቢት የተጻፈ ትዝታ

አንድ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር ሲገናኝ፣ ወጉ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል?» በሚል ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ኮምፒውተር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይችላልን? ሊኖረው እንደሚችል፣ ለዚህም የሚያስፈልገው ማህደረ ትውስታ ከምንገምተው እጅግ ያነሰ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ በአንድ የታወቀ የቪዲዮ ጨዋታ አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን። ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ አንባቢ አይስጋ፤ የሚያስፈልገን ሒሳብ 2ን በራሱ ደጋግሞ ከማባዛት ብዙም አያልፍም።

ጨዋታው ማስ ኢፌክት ይባላል። በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚገኘው ባዮዌር የተባለ ኩባንያ በ2007፣ በ2010 እና በ2012 እ.ኤ.አ. በሦስት ተከታታይ ክፍሎች ያወጣው ሲሆን፣ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን በራሱ ውሳኔ ወደፊት ከሚገፋባቸው፣ ሮል ፕሌይንግ ከሚባሉት ጨዋታዎች የሚመደብ ነው። ሚናው ኮማንደር ሼፐርድ የተባለ የጠፈር መርከብ አዛዥ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ጠላቶቹ በየ50 ሺህ ዓመቱ እየተመለሱ የሠለጠኑ ፍጥረታትን የሚያጠፉ ግዙፍ ማሽኖች ናቸው። ይህ እንኳ ለጠፈር ልብ ወለድ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር ተጫዋቹ በመጀመሪያው ክፍል የወሰነው ውሳኔ በፋይል ተመዝግቦ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው መሻገሩ ነበር።

በፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ቢት ነው። ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጥናት መለኪያ ያደረገው ቢት፣ እኩል ዕድል ካላቸው ሁለት ነገሮች የትኛው እንደሆነ ለመናገር የሚበቃው የመረጃ መጠን ነው፤ 0 ወይም 1። በመጀመሪያው ክፍል፣ ቨርማየር በተባለች ፕላኔት ላይ፣ ሼፐርድ ከአሽሊና ከኬይደን አንዱን ብቻ ማዳን ይችላል። ሁለቱንም ማዳን አይቻልም። እዚያው ሬክስ የተባለው አንጋፋ ተዋጊ ከአዛዡ ጋር ይጋጭና፣ እንደ ተጫዋቹ አያያዝ፣ ወይ ይተርፋል ወይ ይገደላል። ለተጫዋቹ እንቅልፍ የሚነሱ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቢት።

ሁለተኛው ክፍል የሚደመደመው ብዙዎች ላይመለሱበት በሚችሉበት ዘመቻ ነው። ተጨማሪዎቹን ሁለቱን ጨምረን ብንቆጥር ሼፐርድ 12 ባልደረቦች ይኖሩታል፤ እያንዳንዳቸውም ሊሞቱ ወይም ሊተርፉ ይችላሉ። 2ን 12 ጊዜ ብናባዛ 4,096 እናገኛለን። ይሁን እንጂ ሼፐርድ ራሱ ከዘመቻው በሕይወት እንዲወጣ ቢያንስ 2 ባልደረቦች መትረፍ ስላለባቸው፣ ማንም ያልተረፈበትን 1 ሁኔታና አንድ ሰው ብቻ የተረፈባቸውን 12 ሁኔታዎች እንቀንስ፤ 4,083 ይቀራል። ይህንን በቨርማየር 4 ሁኔታዎች ስናባዛው 16,332 ይሆናል። የጨዋታው ሕግ የማይፈቅዳቸው ጥምረቶች ስለሚኖሩ ይህ ቁጥር ጣሪያ ነው። ፋይሉ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይመዘግባል፤ እኛ የቆጠርነው ሞትና ሕይወትን ብቻ ነው፤ እርሱም 14 ቢት፣ ማለት ከ2 ባይት ያነሰ ነው።

የዶክትሬት ጥናቴን በውጭ አገር በማካሂድበት ጊዜ አብረውኝ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ይህንኑ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ስለ ሬክስ ሲያወራ ሌላው «እሱማ ሞቷል» ይለዋል፤ ክርክሩም እራት እስኪቀርብ ይቀጥላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ የጸሐፊዎቹ ችግር ይጀምራል። ለ16,332 ተጫዋቾች 16,332 መጨረሻ መጻፍ የሚችል ሰው የለም። በሦስተኛው ክፍል የተወሰደው አንደኛው መፍትሔ መደመር ነበር፤ ተጫዋቹ ያተረፋቸው ሰዎችና ያፈራቸው ወዳጆች በነጥብ ተተምነው ወደ አንድ የጦር ኃይል ድምር ይገባሉ። የፊዚክስ ተማሪ ይህንን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል። የአንድ ሲኒ ቡና ሙቀት 60 ዲግሪ ነው ስንል፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ወዴት እንደሚሮጥ ትተን ስለ ጠቅላላው ብቻ መናገራችን ነው። ጥቅሉ ሁኔታ አንድ ቁጥር ነው፤ በሥሩ ያሉት ዝርዝር ሁኔታዎች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ከቁጥሩ ተነሥቶ ወደ ዝርዝሩ መመለስም አይቻልም። ሬክስን ያዳነና ሬክስን ያጣ ሁለት ተጫዋቾች እኩል ድምር ይዘው መጨረሻው ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

መጨረሻው ራሱ በመሠረቱ ሦስት ምርጫዎች የነበሩት ሲሆን፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን ይለያዩ ነበር። ሦስት አማራጭ 1.58 ቢት ያህል ነው። 14 ቢት ይዞ አምስት ዓመት የተጓዘ ተጫዋች በ1.58 ቢት ተሰናበተ ማለት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የተነሣው ቁጣ በብዙ ቃላት ተገልጿል፤ ከሁሉ የሚሻለው መግለጫ ግን ተጫዋቾች ገንዘብ አዋጥተው ለኩባንያው የላኩት ከ400 የሚበልጥ ትናንሽ ኬክ ይመስለኛል። የኬኮቹ ክሬም ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነበር፤ ጣዕማቸው ግን አንድ። ስለ መረጃ መጥፋት ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ማስረጃ በክፍል ውስጥ እንኳ አላቀረብኩም። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ መጨረሻውን የሚያብራራ ነጻ ማራዘሚያ አወጣ፤ የመጨረሻው ትልቅ ምላሽ ግን የመጣው በማርች 2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሲታደል የተባለው ተጨማሪ ክፍል ነበር።

ሲታደል ከታሪኩ መጨረሻ በፊት የሚካሄድ ነው። መርከቧ ኖርማንዲ ለጥገና ትቆማለች፣ ሠራተኞቹ ዕረፍት ያገኛሉ፣ አድሚራል አንደርሰን መኖሪያ ቤቱን ለሼፐርድ ይሰጠዋል። በዚህ መካከል የሚነሣው ጠላት ማን ነው? ከሼፐርድ ዘረመል የተሠራ የራሱ ክሎን! ምርጫው የተጠና ይሁን አይሁን ባላውቅም ለርእሰ ጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ ፊደል ከ4 አንዱ ስለሆነ ቢበዛ 2 ቢት ይይዛል፤ በድምሩ 6 ቢሊዮን ቢት ያህል ነው። ክሎኑ ይህ ሁሉ አለው፤ ፊቱም ድምፁም ያው ነው፤ የእጁ አሻራም በር ይከፍታል። የሌለው እነዚያ 14 ቢቶች ናቸው። ሬክስ በሕይወት ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሼፐርድ ጎን ተሰልፎ የሚዋጋው እዚህ ነው።

ከውጊያው በኋላ ግብዣ አለ። ብዙ ተጫዋቾች ሲታደልን የሚያስታውሱት በዚህ ግብዣ ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንግዶቹ በሕይወት የቆዩት ብቻ ናቸው። ግረንት በር ላይ ቆሞ ያልተጋበዘውን ይመልሳል፤ ጋረስና ዛኢድ የአፓርታማውን መከላከያ ያጠናክራሉ፤ ሌሎቹም በየጥጉ ትናንሽ ቡድን ሠርተው ይጫወታሉ።

ይህ ከጽሑፍ ብዛት አንጻር እንዴት ተቻለ? መልሱን ለፊዚክስ ተማሪዎች በሚያውቁት ሞዴል ላስረዳ። ኤርንስት ኢሲንግ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማግኔት ሞዴል፣ እያንዳንዱ አቶም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ይመለከታል። 300 አቶሞች ያሉት ማግኔት 2ን 300 ጊዜ የማባዛት ያህል ሁኔታዎች አሉት፤ ይህም በሚታየው ዩኒቨርስ ካሉት አቶሞች ግምት ይበልጣል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሁኔታ ለየብቻ መግለጽ አያስፈልገንም። የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንዴት እንደሚሳሳብ መግለጽ ይበቃል፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢሳሳብ እንኳ ጥንዶቹ 44,850 ብቻ ናቸው። 12 እንግዶች ያሉት ግብዣም 4,096 መልክ ሲኖረው ጥንዶቹ 66 ናቸው። የሲታደል ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ጥንድ ጽፈዋል ማለቴ አይደለም። የጻፉት ግን ግብዣውን በሙሉ ሳይሆን በትንሽ ቡድን ውስጥ የሚደረገውን ወግ ነው፤ የትኛው ወግ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው ተጫዋቹ ከዓመታት በፊት ያስቀመጠው 0 እና 1 ነው። መጨረሻው የቢቶቹን ድምር ያነብ ነበር፤ ግብዣው ግን ቢቶቹን አንድ በአንድ ያነብባቸዋል።

0 ደግሞ ባዶ ቦታ ብቻ አይደለም። ቴን የተባለው ባልደረባ እስከ ሦስተኛው ክፍል ቢዘልቅ እንኳ እዚያው ይሞታል፤ በሲታደል ውስጥም በዚያው አፓርታማ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረግለታል።

በፋይሉ ውስጥ የሌለ ትዝታም አለ። ሼፐርድ በሦስቱም ክፍሎች ከሰው ሲለያይ ደጋግሞ የሚላት አንዲት አጭር የስንብት ሐረግ ነበረች። በሲታደል ክሎኑ ያችኑ ሐረግ ሲናገር ሼፐርድ ይገረምና «እኔም እንዲህ ነው የምለው?» በሚል መንፈስ ይጠይቃል። ለዚህ ቀልድ የተመዘገበ ቢት የለም፤ መዝገቡ ያለው ሐረጓን ለዓመታት ሲሰማ በኖረው ተጫዋች ጭንቅላት ውስጥ ነው። በኤክስቦክስ 360 ላይ ሲታደል ወደ 4 ጊጋባይት ያህል ነበር፤ 32 ቢሊዮን ቢት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ድምፅና ሥዕል መድረክ ሆኖ የሚያገለግለው ከ2 ባይት ያነሰውን ትዝታ ነው።

እነዚያ 2 ባይቶች ቢጠፉስ? ፋይሉን ሳይዝ ሁለተኛውን ክፍል የጀመረ ሰው የሚያገኘው ኩባንያው የወሰነለትን ዓለም ነው፤ በዚያም ዓለም ሬክስ ሞቷል። ሁለተኛው ክፍል በ2011 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል በዚያ መሣሪያ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ታሪኩን በሥዕል እየተረከ ዋና ዋናዎቹን ውሳኔዎች የሚጠይቅ አጭር መግቢያ ተዘጋጀ። እያንዳንዱ መልስ በፋይሉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቢት መጻፍ ነበር።

በ2021 እ.ኤ.አ. ሦስቱም ክፍሎች ታድሰው ሌጀንደሪ ኤዲሽን በሚል ስም በአንድነት ሲወጡ ሲታደልም ተካትቷል። የድሮዎቹ ፋይሎች ግን ወደ አዲሱ እትም አይሻገሩም። ተጫዋቹ ይዞ መሻገር የሚችለው የሼፐርድን መልክ የሚወክለውን የፊደላትና የቁጥሮች ኮድ ነው። ፊቱ እንደነበረ ይመጣል፤ ሬክስ ይኑር አይኑር ግን ኮዱ አይናገርም።