አምደወርቅ የሚታየው ኮከብ አዲስ አበባ ላይ ወዴት ሄደ?

በታኅሣሥ አውድማ ጠብቃችሁ የምታውቁ የዋግ ልጆች ይሄን በደንብ ትረዱታላችሁ። እህሉ ተከምሯል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጋቢ ተከናንባችሁ በጀርባችሁ ተጋድማችኋል። ከላያችሁ ያለው ሰማይ ግን ጥቁር አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ኮከብ ነው። መሀል ለመሀል ደግሞ የፈሰሰ ወተት የመሰለ ነጭ መስመር ያልፋል። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው እሱ ነው፣ እኛ ራሳችን ያለንበት የከዋክብት ስብስብ።

ያው ልጅ ለሥራ ወይ ለትምህርት አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ማታ ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ወጥቶ ቀና ሲል የሚያየው ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ኮከብ ነው። ወተቱ የለም። ደመናም የለም። ታዲያ ሌላው የት ሄደ?

የትም አልሄደም፣ እዛው ነው። የሸፈነው የራሳችን መብራት ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ይሄ እንዴት እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚመለከተን፣ እና አምደወርቅ ላይ እንዳይደገም ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

መብራት ኮከብን እንዴት ይደብቃል?

ቀን ላይ ኮከብ የማናየው ኮከቦቹ ስለጠፉ አይደለም። የፀሐይ ብርሃን አየሩ ውስጥ ተበትኖ ሰማዩን ሁሉ ስለሚያደምቀው ነው። ማታ ከተማ ላይ የሚሆነውም ተመሳሳይ ነው፣ መጠኑ ቢያንስም።

ጉም ውስጥ በመኪና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ሲያበራ መንገዱ ከመታየት ይልቅ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ብርሃኑ የጉሙን ጠብታዎች እየመታ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። ከከተማ ወደ ላይ የሚወጣው ብርሃንም እንደዚሁ አቧራውን፣ ጭሱንና አየሩን እየመታ ይመለሳል። ደማቆቹ ኮከቦች ይህን ግድግዳ አልፈው ይታያሉ፣ ደብዛዛዎቹ ይዋጣሉ። አብዛኞቹ ኮከቦች ደግሞ ደብዛዛ ናቸው።

ቁጥሩን እንየው። በመላው ሰማይ ላይ በባዶ ዓይን የሚታዩት ኮከቦች 9,000 ገደማ ናቸው። ግማሹ ከእግራችን በታች፣ ከምድር ወዲያ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በጥሩ ጨለማ የምናየው ቢበዛ 4,500 ገደማ ነው። ትልቅ ከተማ መሀል ይሄ ቁጥር ወደ ጥቂት አሥሮች ይወርዳል።

የመብራቱ ቀለምም ለውጥ ያመጣል። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን አየር ውስጥ ከቢጫው የበለጠ ይበተናል። ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን በየቦታው የሚተከለው ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊ ብርሃን ይበዛበታል። ስለዚህ ከድሮው ቢጫ የመንገድ መብራት ይልቅ ሰማዩን ያደምቃል።

ዓለም ላይ ምን እየሆነ ነው?

እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ የዓለም የሰማይ ብርሃን ካርታ ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ካለበት ቦታ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2011 እስከ 2022 ተራ ሰዎች በዓይናቸው አይተው የመዘገቡትን ከ50,000 በላይ ምልከታ ሰብስቦ የሌሊቱ ሰማይ በየዓመቱ በአማካይ 9.6 በመቶ እየደመቀ መሆኑን አገኘ። በዚህ ፍጥነት፣ 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህሉን ብቻ ነው። ምልከታዎቹ በብዛት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ናቸው። እኛ ገና ወደዚያው በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ላይ ነን።

ይሄ መንገድ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ በ1994 ሎስ አንጀለስን ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ መታትና መብራት ጠፋ። ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ቀና ብለው አዩና ወደ ከተማዋ የሥነ ፈለክ ማዕከል መደወል ጀመሩ፤ "ሰማዩ ላይ ያለው እንግዳ ነገር ምንድን ነው?" እያሉ። እንግዳ የሆነባቸው ኮከብ ነበር። አምደወርቅ ያለ እረኛ በየማታው የሚያየውን ነገር እነሱ በዕድሜያቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

እንጦጦ ምን ያስተምረናል?

በእኛው አገር የእንጦጦ የምልከታ ማዕከል በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ቦታው ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከፍ ባላችሁ ቁጥር ኮከቡን የሚጋርደው አየር ይሳሳል። ችግሩ ግን ከእግሩ ሥር አዲስ አበባ አለች። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር፣ ሕንፃና መንገድ በመብራት ባሸበረቀ ቁጥር ከላይ ያለው ሰማይ ይነጣል።

ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከከተማ መብራት የራቀ ሁለተኛ ማዕከል በላሊበላ አካባቢ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የመገንባት ሐሳብ የተነሣው። ላስታ ማለት የዋግ ጎረቤት ነው። የአገሪቱ ባለሙያዎች ጥሩ ጨለማ ፍለጋ ዓይናቸውን የጣሉት ወደ እኛው ሰፈር ነው ማለት ነው።

አቀማመጣችንም ዕድል ሰጥቶናል። አምደወርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከጨበጣችሁት ቡጢ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ብትዞሩ ደግሞ ተራራ ካልከለለው የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ኮከቦች ታያላችሁ። ለንደን ያለ ሰው ይሄን መስቀል ከአገሩ ሆኖ በፍጹም አያየውም።

"ኮከብ ባይታይስ ምን ይቀርብናል?"

ይሄን የሚጠይቅ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሱ የቀን መቁጠሪያችን ላይ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የጾምና የበዓል ቀን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ በአበቅቴና በመጥቅዕ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ የሚያስታርቅ ስሌት ነው። ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት መውጫና መግቢያ የሚያወራ አንድ ትልቅ ክፍል አለው። ይሄ ሁሉ እውቀት የተወለደው ቀና ብሎ ከማየት ነው።

ወደ ደቡብ ስንሄድ ደግሞ ቦረናዎች አሉ። የዘመን ስሌታቸው 354 ቀን ገደማ ያለው የጨረቃ ዓመት ነው። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃ ከየትኞቹ ኮከቦች ጎን እንደምትታይ እያዩ ወሩን ይለያሉ። መሣሪያቸው ዓይናቸውና ጨለማው ነው። ኮከቡ ከተጋረደ ስሌቱን ለልጅ ማሳየት አይቻልም፤ በቃል መንገር ብቻ ይቀራል።

እና አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምርላችሁ። እ.ኤ.አ በ2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። የኢትዮጵያ ኮከብ ስሙ "ቡና" ሆነ፣ ፕላኔቱ "አቦል"። 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በባዶ ዓይን ለማየት ትንሽ ይደበዝዛል። ጨለማ ቦታ ላይ በተራ የእጅ መነጽር ግን ይገኛል። አዲስ አበባ መሀል ሆናችሁ ብትፈልጉት ትደክማላችሁ።

ግን ጨለማው ምርቃት ነው ወይ?

እዚህ ጋ እንዳንሳሳት። የዋግ ሰማይ ጥርት ያለው መርጠነው አይደለም። መብራት ስላልደረሰን ወይም ደርሶ ስለተቋረጠ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዞኑ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይቷል። ያኔም ኮከቡ አምሮ ነበር። ማን ቀና ብሎ አየው? በስልክ ባትሪ ምጥ ላይ ያለች እናት የሚረዳ ጤና ባለሙያና በኩራዝ ጭስ የሚያጠና ተማሪ ባለበት "ጨለማችንን ጠብቁልን" ብንል ነውር ነው።

መብራቱ መምጣት አለበት፣ ይመጣልም። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወጥቷል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ "መብራት ይምጣ ወይስ ይቅር?" አይደለም። "ሲመጣ ወደየት ይብራ?" ነው።

መብራትና ኮከብ አብረው እንዲኖሩ

ነገሩ ከባድ አይደለም፣ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መብራት ወደ ታች ይብራ። ከላይ ክዳን ያለው መብራት ብርሃኑን መንገዱ ላይ ያፈሰዋል። ክዳን የሌለው ከፊሉን ወደ ሰማይ ይልካል፣ ቆጣሪው ግን ሁለቱንም እኩል ይቆጥራል። ሰማይ ለማብራት ገንዘብ እየከፈልን ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቢጫ ይሁን። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ለውጭ መብራት 3000 ኬልቪንና ከዚያ በታች ጥሩ ነው። 6500 የሚለው ያ ነጭና ሰማያዊ የሚያበዛው ነው።

ሦስተኛ፣ በልኩ ይሁን። "ፓውዛ ካልሆነ ሌባ ይገባል" ይባላል። ግን ፓውዛ ዓይናችሁ ላይ ሲበራ ከጀርባው የቆመውን ሰው ታዩታላችሁ? አታዩትም። መጠነኛ ሆኖ ወደ መሬት የሚያበራ መብራት ከሚያጥበረብር ፓውዛ የተሻለ ያሳያል።

አራተኛ፣ የማያስፈልግ ሰዓት ይጥፋ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ተኝቶ፣ የማስታወቂያ መብራት ለማን ይበራል?

ይሄን ሕግ ያደረጉ አሉ። የአሜሪካዋ ፍላግስታፍ ከተማ የመጀመሪያውን የመብራት ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ በ1958 ነው፤ ዛሬም ጨለማ አይደለችም፣ ኮከብም ታያለች። በአፍሪካ ደግሞ የናሚቢያው ናሚብራንድ እ.ኤ.አ በ2012 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ኮከብ ሊያይ እዚያ ይሄዳል። ላሊበላን ሊያይ የመጣ እንግዳ አንድ ማታ የዋግን ሰማይ ቢያይስ?

ሁሉም ነገር በእጃችን ነው አንልም። እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ እንደ ስታርሊንክ ያሉ ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች አምጥቀዋል። ተደርድረው የሚሄዱ መብራቶች አይታችሁ ከደነገጣችሁ ምናልባት እነሱ ናቸው። ያንን ከአምደወርቅ ሆነን አናቆመውም። የመንገድ ዳር ፖሉን ግን እንችላለን። ፖል ከተተከለ በኋላ ከመቀየር ደግሞ ሳይተከል መጠየቅ ይረክሳል። አዲስ አበባ ያለፋት ዕድል ይሄ ነው። እኛ ገና አላመለጠንም።

ዛሬ ማታ ሞክሩት

ጨረቃ የሌለችበት ማታ ምረጡ። ከመብራት ራቁና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ስልክ አንዴ ከከፈታችሁ እንደገና "ሀ" ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ፍኖተ ሐሊብን ደምቆ ለማየት ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ገና እንደጨለመ ወደ ደቡብ ምዕራብ እዩ። በታኅሣሥ ደግሞ እኩለ ሌሊት ገደማ አናታችሁ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ኮከቦችን ፈልጉ፣ የኦርዮን መቀነት ናቸው።

ፎቶ ለማንሣት ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉ፣ በእጅ አትያዙት። ናይት ሞድ ወይ ፕሮ ሞድ ክፈቱና የመክፈቻ ጊዜውን ከ15 እስከ 25 ሰከንድ አድርጉ፤ ስትነኩት እንዳይነቃነቅ የሦስት ሰከንድ ታይመር ሙሉ። የኮከቡን ስም ለማወቅ ስቴላሪየም የሚባለውን አፕ አስቀድማችሁ ጫኑ።

ከዚያ አንድ ነገር አድርጉልን። በጣም የሚደምቁትን ብቻ ሳይሆን የሚታዩትን በሙሉ ቁጠሩ፣ ካለቃችሁ። ያላችሁበትን ከተማና ቁጥሩን ጻፉልን። አምደወርቅ፣ ሰቆጣ ወይ ዝቋላ ሆናችሁ "ቆጥረን አልጨረስንም" የምትሉ ካላችሁ ቀበሌያችሁ የመንገድ መብራት ለመትከል ስብሰባ ሲጠራ ሂዱና አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ "ክዳን አለው ወይ?"