«ማጠብ» ወይስ «ማተም»?

በአማርኛ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀጥሎም ይታጠባል። በጨለማ ክፍል ፊልሙም ወረቀቱም በኬሚካልና በውኃ ስለሚያልፉ አንዱ ግሥ ለሁለቱም በቅቷል። በዲጂታል ኅትመት ግን ማተሚያው የቀለም ነጠብጣብ በወረቀት ላይ ይረጫል እንጂ የሚታጠብ ነገር የለም፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ ዛሬም ፎቶ «ያሳጥባል»። ቃል ከሥራው ዕድሜ በላይ መቆየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚቸገረው ተርጓሚው ነው።

አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ በኸርናንዴዝ መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ አነሣ። ከዚያው ኔጌቲቭ በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ሰማዩን ይበልጥ እያጠቆረ ደጋግሞ አተመ። በ1948 ደግሞ መንደሩን የያዘውን የኔጌቲቩን የታችኛ ክፍል በኬሚካል አጠነከረ። ሁለቱንም «እንደገና አጠበው» ብለን ብንተረጉም የተለወጠው ኔጌቲቩ ይሁን ወረቀቱ አንባቢው ሊለይ አይችልም። አዳምስ ራሱ፣ ፒያኖ ተጫዋች ነበርና፣ ኔጌቲቭን ከሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመትን ከአጨዋወት ጋር ያመሳስል ነበር።

ስለዚህ «ማጠብ» ለፊልም፣ «ማተም» ደግሞ በጨለማ ክፍልም ሆነ በዲጂታል ማተሚያ ምስልን በወረቀት ላይ ለማውጣት ቢወሰኑ ይሻላል እንላለን። «ማተም» የማኅተምና የመጽሐፍ ሸክም ቢኖርበትም ዐውዱ ይለየዋል።

«ጥቁርና ነጭ» የሚለውም በጥሬው ትክክል አይደለም፤ አዳምስና ፍሬድ አርቸር ከ0 እስከ 10 ከቈጠሯቸው ደረጃዎች አብዛኞቹ ግራጫ ናቸውና። ስያሜው ግን ሥር ሰዷል፤ እንዳለ ይቀጥል። ለደረጃዎቹ «እርከን» የሚስማማ ይመስለናል፤ በተዳፋት ማሳ ላይ እንደሚሠራው ሁሉ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ በየተራ የሚወጣ ነውና።