ቧንቧው ሲሰበር፦ የአንጎል ዕጢ ለምን ያድጋል?

አንድ አባት የ24 ዓመት ልጃቸውን ደግፈው ወደ ክሊኒካችን መጡ። ልጁን ለሦስት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው ቆይቷል። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል። የዚያን ዕለት ግን ወድቆ ተንቀጠቀጠ። አባትየው «እህቴ፣ ልጄን ቡዳ በልቶት ይሆን?» አሉኝ። ወደ ከተማ ተልኮ በሲቲ ስካን ሲታይ የአንጎል ዕጢ ሆኖ ተገኘ።

ዕጢው እንዴት ያድጋል?

የሰውነታችን ሴል ዝም ብሎ አይባዛም፤ «ተባዛ» የሚል መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች አሉ። በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ መልእክቱን ይዞ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ቁስል ሲድን አዲስ ቆዳ የሚተካው በዚህ መንገድ ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን፣ ኢጂኤፍ የተባለውን፣ ያገኙት ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገሩን እንደ ቦኖ ውኃ እንየው። ደህና ቧንቧ ሲከፍቱት ይፈሳል፣ ሲዘጉት ይቆማል። ከተሰበረ ግን ማንም ሳይከፍተው ሌት ተቀን ይፈሳል። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው አደገኛ የአንጎል ዕጢ፣ ከሕሙማኑ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የኢጂኤፍ ተቀባይ ጂን ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። አንዳንዱ ተቀባይም ጎዶሎ ሆኖ ስለሚሠራ መልእክት ሳይደርሰው ሴሉን ያዛል። ቪኢጂኤፍ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ዕጢውን የሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል።

መድኃኒት አለው?

ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ለዚህ ዕጢ ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጡ ጥናቶች ግን የዕጢውን ዕድገት ቢያዘገይም ዕድሜ እንደማያረዝም አሳይተዋል፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ዕጢው በሌላ ያልፋልና። ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የተጀመረው ጦርነት ወደ ካርቱም ሪፈር የምንልክበትን መንገድ አውኮታል። ስለዚህ በቤት የሚባክን ቀን ሊኖር አይገባም።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ምልክቶች ካዩ ቶሎ ወደ ክሊኒክ ይምጡ፦

- ጠዋት የሚብስና እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ በተለይ ከትውከት ጋር፤
- በአዋቂ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ የሚጥል በሽታ፤
- የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፤
- የዓይን መደብዘዝ፣ የንግግር ወይም የጠባይ መለወጥ።

ምልክቶቹ ከሌላ በሽታም ሊመጡ ይችላሉ፤ የሚለየው ምርመራ ነው። ሰው ሲጥለው ክብሪት አያሽትቱት፣ በአፉም ምንም አይክተቱ፤ በጎኑ ያስተኙት።

የአንጎል ዕጢ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም፣ የማንም ዓይን ያመጣው ነገርም አይደለም።