የምድር መናወጥ ኀይል በምን ሚዛን ይለካል?

ነጋዴ ሚዛንን ያውቃል። ስድስት ኩንታል ቡና ከአምስት ኩንታል የሚበልጠው በአንድ ኩንታል ብቻ መሆኑን የሚያስረዳው ሊቅ አያሻውም። የምድር መናወጥ በደረሰ ጊዜ በሬዲዮና በጋዜጣ የሚነገሩት 5፣ 6 ወይም 7 የሚሉት ቁጥሮች ግን በዚህ ዐይነት ሒሳብ የሚነበቡ አይደሉም። ይህን ባለማወቅ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ሲደነግጥ፣ ሌላው በሚያሰጋ ነገር ሲዘናጋ ይታያል።

መለኪያውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ያወጣው በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሊቅ ቻርልስ ሪክተር ነው፤ የሥራ ባልደረባው ቤኖ ጉተንበርግም ረድቶታል። ሥራው የተመሠረተው የምድርን እንቅስቃሴ ተከትሎ በወረቀት ላይ ሞገድ በሚቀርጽ መሣሪያ ነው። መናወጡ ከተነሣበት ስፍራ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመው መሣሪያ የቀረጸው ሞገድ ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን የመናወጡ ልክ 3 ይባላል። 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን 4፣ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን 5 ይሆናል። ርቀቱ ከዚህ ቢበዛ ወይም ቢያንስ በሒሳብ ይስተካከላል።

እንግዲህ ቁጥሩ አንድ ደረጃ ሲጨምር የሞገዱ ቁመት ዐሥር እጥፍ ያድጋል። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ኀይል ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ፣ ሁለት ደረጃ ሲጨምርም 1,000 እጥፍ ያህል ይሆናል።

የሪክተር መለኪያ እጅግ ታላላቅ የሆኑትን መናወጦች አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ቶማስ ሃንክስና ሂሮ ካናሞሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ሌላ መለኪያ አቀረቡ። ይኸውም የተሰነጠቀውን ዐለት ስፋት፣ ዐለቱ የተንሸራተተበትን ርቀትና ጥንካሬውን አንድ ላይ የሚያሰላ ነው። ሕዝብ በልማድ «በሪክተር» ቢለውም፣ ዛሬ ለታላላቅ መናወጦች የሚነገረው ቁጥር በዚህ ስሌት የተገኘ ነው። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 በቺሊ የደረሰው ሲሆን ልኩ 9.5 ነበር።

ይሁን እንጂ የኀይል ልክና የጉዳት ልክ አንድ አይደሉም። ለጉዳቱ በኢጣልያዊው ጁሴፔ መርካሊ ስም የሚጠራ ባለ 12 ደረጃ ሌላ መለኪያ አለ። የአንድ መናወጥ ኀይል አንድ ቁጥር ብቻ ሲኖረው፣ የጉዳቱ ደረጃ ግን እንደ ስፍራው ይለያያል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግሞ ሲናወጥ በዚያ ቤት ፈርሶ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ በአዲስ አበባ ፎቆች በመወዛወዝ ብቻ ዐልፏቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያስረዳው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የሆነው ነው። በጥር ወር በሀይቲ የደረሰው መናወጥ ልኩ 7.0፣ በተከታዩ ወር በቺሊ የደረሰው 8.8 ነበር። የቺሊው ኀይል ከሀይቲው 500 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በቺሊ የሞቱት 500 ያህል፣ በሀይቲ የሞቱት ግን ከ100,000 በላይ ናቸው። የሀይቲው መናወጥ ከዋና ከተማዋ አጠገብ፣ ከምድር ገጽ ብዙም ሳይርቅ የተነሣ ነበር፤ ቤቶቹም ለእንዲህ ያለ ነገር የተሠሩ አልነበሩም። ቺሊ ግን ካለፈው መከራ ተምራ የሕንፃ ደንብ አውጥታ ነበር።

በአገራችንም በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ መንገድም ተጐድቷል። መንገድ ሲቈረጥ ቤቱ ያልፈረሰበት ነጋዴም ዕቃው እንደሚዘገይበት የታወቀ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን የሰማ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መናወጡ የተነሣው የት ነው? ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? መጋዘኑ የቆመው በምን ዐይነት አፈርና ግንብ ላይ ነው? የኢንሹራንስ ውሉም የምድር መናወጥን የሚያጠቃልል መሆን አለመሆኑን ምድር ከመናወጧ በፊት አንብቦ መረዳት ይገባዋል።