የጊታር አምፕሊፋየር በዝማሬ ጊዜ



በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የካርቱሙ ጦርነት ሳይበትነን በፊት፣ ካላክላ በየግቢው ተሰብስበን ስንዘምር አብዛኛውን ጊዜ የነበረን አንድ የጊታር አምፕሊፋየር ነበር። ዛሬም በየደረሱበት በአንድ አምፕ የሚያገለግሉ ወጣቶች አሉ። «ይህ አምፕ ለሁሉም ይበቃል ወይ?» ይሉናል። መልሳችን፦ ለጊታሩ ይበቃል፣ ለሌላው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጊታር አምፕ ድምፅ ማጉላት ብቻ ሳይሆን ድምፁን የራሱ ቀለም ይቀባዋል። እስፒከሩ ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በደንብ አያወጣም። ሰ፣ ፈ እና ጸ የሚለዩት ደግሞ በዚሁ ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ ማይክራፎን ሲሰካበት ዜማው ይሰማል፣ ቃሉ ይዋጣል። መልእክቱ በቃሉ ላለ መዝሙር ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ቤዝ ጊታርም ሆነ የኪቦርድ ወፍራም ድምፅ በኃይል ከተለቀቀበት እስፒከሩን ይቀደዋል። የግድ ከሆነ ቮሊዩሙን ቀነስ አድርጉ።

«ዋቱ ይጨመር» የሚሉም አሉ። ዋቱ እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ነገር ነው። ከዚያ ይልቅ አምፑን ወንበር ላይ አውጡና ወደ ሰሚው ጆሮ አዙሩት። ማይክራፎን ካለም ፊቱን ወደ እስፒከሩ አታድርጉት፣ ያፏጫል። ጠባብ ቤት ከሆነ መዘምራኑ ያለ ማይክ ይዘምሩ፣ አምፑ ለጊታሩ ይሁን፣ ከሰው ድምፅም በታች ይቀመጥ። በደርግ ዘመን፣ ለምሳሌ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ፣ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያመልኩት። ዝማሬ በጩኸት አይለካም።

ከሁሉም በላይ ግን ኤሌክትሪኩን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ ሌስሊ ሃርቪ የተባለ ጊታሪስት መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ ኤርዝ የሌለውን ማይክራፎን ነክቶ ሞቷል። የኛም ዘማሪ ጊታር ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ ያደርጋል። ስለዚህ፦

1. ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት አልገባ አለ ብላችሁ የኤርዙን እግር አትቁረጡ።
2. አምፑንና የማይኩን መሣሪያ ኤርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ።
3. ትንሽ እንኳ ቢነዝራችሁ መዝሙሩን አቁሙ፣ አጥፉ፣ ባለሙያ ጥሩ።
4. ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። የሱዳንም የኢትዮጵያም መብራት 220 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሆን፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።
5. ሶኬቱ ቢነቀልም ውስጡ ኃይል ሊቀር ስለሚችል ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ።

አምፕ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል፤ ዘማሪው ግን አይተካም። ቸር ሰንብቱ።