የወል መሬት በአንድ ምክር ይደልደል

ደራ በአዳማና በአሰላ መንገድ ላይ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በዚህ ሸለቆ የውሃ ጕድጓድ እንደ ልብ አይቈፈርም፤ በብዙ ስፍራ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ያለፈው የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ የበዛውም በዘመን ብዛት አጥንትን ይጐዳል። ማፍላት አያጠፋውም።

እንግዲህ ደኅና ውሃ በተገኘበት የወል መሬት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መጣያ፣ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ፣ ግብርናው የከብት ማጠጫ በየፊናቸው ቢያበጁ፣ ያ ብርቅ ውሃ በገዛ እጃችን ይበከላል። መጸዳጃ ከጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ያውም ከበታቹ መሆን ይገባዋል።

በ2005 ዓ.ም. የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች በኅብረት ለመሥራት ተፈራርመዋል፤ በ2006 ዓ.ም.ም አንድ ብሔራዊ የውሃና የንጽሕና ፕሮግራም ተጀመረ። መልካም ነው። ሆኖም ከፈራሚዎቹ መካከል መሬት የሚደለድል መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ጕድለቱ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ስለዚህ መምህራን የመጸዳጃ ስፍራ ምረጡ በተባሉ ጊዜ፣ የማዘጋጃ ቤቱን መሐንዲስ፣ የውሃውን ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በአንድ ቀን ወደ ሜዳው እንዲጠሩ እናሳስባለን፤ መለኪያ ሜትር ይዘው።